ከጋሼ የመጣው ፊሽካ

ጥር 3 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደህና ናቸው? ጉልበትዎ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግርዎታል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው እጄ በደስታ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ጋሼ፣ አለቃ ሆንኩ!

ቀስ ብዬ ልንገርዎ። እንደሚያውቁት በሰው አገር፣ የሐኪም ጋዋን በሚሰፋበት በዚህ ፋብሪካ አራት ዓመት ሙሉ እጅጌ ስገጥም ነው የኖርኩት። ትናንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። ቢሮው ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ የገባውን ሰው ፋብሪካው በሙሉ ያየዋል። «የሦስተኛው መስመር አለቃ ለቀዋል። ከነገ ጀምሮ አንቺ ትይዢዋለሽ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ጨመረ። መስመራችን በሳምንት የሚያወጣው ሦስት መቶ ሠላሳ ጋዋን ነው። በመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት አራት መቶ ካልሞላ መስመሩ ይበተናል። ዘጠኙ ሰዎች በየመስመሩ ይታደላሉ፣ እኔም ወደ እጅጌዬ እመለሳለሁ።

ከዘጠኙ ሁለቱን ላስተዋውቅዎ። አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ናት። የማንኛውንም የስፌት መኪና ድምፅ ሰምታ ሕመሙን ስለምትናገር «ዶክተሯ» እንላታለን። ሌላው ጨርቅ ቆራጩ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከአፉ የሰማሁት «መቀሱን አቀብይኝ» የሚል ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እስከ ትናንት አብሬያቸው ምሳ የበላሁ ሰዎች ዛሬ ስገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ቤት መርተዋል። እኔ ቤቱን የማውቀው እሑድ እሑድ ተዘግቶ ነው። በሥራ ሰዓት ሰውን እንዴት ነው የሚመሩት? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥር 15 ቀን

ለታላቋ አለቃ፣ ለእህቴ ልጅ

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ፣ እንቅልፍሽና ሳቅሽ ሦስቱም በየቦታቸው ይገኙ። አንዱ ከጎደለ ፈልጊው፣ ሩቅ አይሄድም።

ደብዳቤሽን ሣጥን ላይ ወጥቼ ለሠራተኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አለቃ ሆንኩ» የሚለው ላይ ስደርስ ስድስቱም ጠራዦች እልል አሉ። ገጽ እየሰፋች የነበረችው እትዬሽ «ሰባት ደብተር አበላሻችሁብኝ» እያለች ራሷም እልል አለች። ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። ወረቀት እየጠረዘ የሚኖር ሰው በስልክ ቢያወራ ወረቀቱ ይታዘበዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የአለቃነትን ሕግ እኔም ከአንድ ትልቅ ሰው ነው የወረስኩት። ለዘር እንዲተርፍ እነሆ አስተላልፌልሻለሁ። ሠራተኛ ሰላም ሲልሽ ወዲያው አትመልሺ፤ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። ወረቀት ከእጅሽ አይለይ፤ ባዶም ቢሆን እያየሽው ራስሽን ነቅንቂ። ጥያቄ ለሚጠይቅሽ ሁሉ መልስሽ አንድ ይሁን፤ «ይህን እስካሁን አታውቅም?» በይው። ሰዎች ሲያወሩ ካየሽ ፊሽካ ንፊ። ዝም ሲሉም ንፊ፣ እያሰቡ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አለቃ አይሳሳትም፤ ተሳስተሽ ከተገኘሽ በአካባቢው ያለ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ፊሽካውን ጥቅሉ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የናስ ነው፣ አርጅቷል፣ ድምፁ ግን ግድግዳ ያስበረግጋል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ አገር ሙቀት የሚይዝ የሙጫ ድስት ካለ ግዢልኝ። እኛ ጠዋት ጠዋት ሙጫው እሳት ላይ ይጣዳል። እስኪሞቅ እኔ አንድ ሁለት ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። የዚህ ቤት ሥራ የሚጀመረው በሳቅ ነው። ግን ጋዙ በወር ሁለት ጊዜ ለምን እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ድስቱ ይመስለኛል።

ኩሩው አጎትሽ


ጥር 29 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ

እርስዎና እትዬ፣ ስድስቱም ጠራዦች፣ ከነመርፌያችሁና ከነሙጫችሁ እንደምን ናችሁ?

ሕጉ ደርሶኛል፣ ፊሽካውም። ደብዳቤዎን በደረሰኝ ቀን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በማግስቱ ሥራ ላይ አዋልኩት። ጋሼ፣ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ! በአንድ ሳምንት ሠላሳ አንድ ጋዋን ጨመርን! ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አጨበጨበልኝ። ድምፁ ባይሰማም እጁ ሲጋጭ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ፈገግታዬን ማን ይያዘው! ለነገሩ ሕጉን እንዳልጥስ ባዶ ወረቀቴን እያየሁ ነው ፈገግ ያልኩት።

ፊሽካውን መጀመሪያ የነፋሁ ዕለት ዶክተሯ ደንግጣ መርፌ ሰበረች። አሁን ለምደውታል፤ ስነፋ ቀና እንኳ አይሉም። ቆራጩ እንደ ዱሮው ዝም ነው። የእሱን ዝምታ ከሌላው ሰው ዝምታ መለየት ግን አልቻልኩም፣ ሁሉም ዝም ብሏልና።

ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው። አለቃ ሲኮን እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሌላ ሕግ ካለዎ ይጨምሩልኝ፤ አራት መቶ ለመግባት ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ነው የቀረን። ድስቱን በመጪው እሑድ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


የካቲት 10 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለፊሽካዋ እመቤት

ደህንነትሽን አልጠይቅም፤ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ ብሎ የሚጽፍ እጅ ደህና ነው።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዴ ሣጥን ላይ ሆኜ አነበብኩት። መርፌው ጋ ስደርስ ሰዎቼ ጠረጴዛ ይዘው ነው የተረፉት። ሽማግሌው ጠራዥ እንባውን በልባስ ወረቀት ጠረገ። «ባዶ ወረቀቴን እያየሁ» የሚለው ላይማ መጨረስም አቃተኝ። አይ የእኔ ደም!

ሕግ ጨምር ካልሽኝ ምን ችግር አለ፣ ሞልቷል። ሰውን በስሙ አትጥሪ፤ ስም ያሞላቅቃል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ስጪያቸው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አዙሪ፤ ሰው ፊት ለፊት ከተያየ መዋደዱ አይቀርም፣ ከተዋደደ ያወራል። በቀን አንድ ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት ከኋላቸው ቁሚና አንድ ነገር ጻፊ። የጻፍሽው የገበያ ዝርዝር ቢሆንም ግድ የለም። ሳቅ ከሰማሽ ማን እንደ ጀመረው መርምሪ።

ዘጠኙንም ሰላም በያቸው፤ እስከ አምስት ከቆጠርሽ በኋላ ማለቴ ነው። ድስቱን ግን አደራ። ጋዙ ትናንት ደግሞ አለቀ።

አጎትሽ


መጋቢት 1 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ

በጤና እንደምትገኙ ተስፋ አለኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምጽፈው ደስ የሚል ቁጥር እስኪገኝ እየጠበቅኩ ነበር፤ አልተገኘም።

ያለፉት ሦስት ሳምንታት እንዲህ ናቸው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት፣ ሦስት መቶ ሠላሳ፣ ሦስት መቶ ዘጠኝ።

ሕጉን አልጣስኩም። በእነሱ ቋንቋ ተርጉሜ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ቁጥርም ሰጥቻለሁ። ቁጥር አራት፣ ዶክተሯ ማለት ነች፣ ወደ ሌላ መስመር ልዛወር ብላ ለሥራ አስኪያጁ አመልክታለች። ሰላም ሲሉኝ እስከ አምስት እቆጥር ነበር። አሁን ሰላም የሚለኝ ስለሌለ የምቆጥረው የለኝም።

ምናልባት ፊሽካውን በትክክል እየነፋሁት አይደለም ይሆን? ሳይነግሩኝ የቀረ ሕግ ካለ እባክዎ ይጻፉልኝ። አራት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ።

ድስቱን አልገዛሁም። ይቅርታ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 11 ቀን

ልጄ

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ደብዳቤውንም በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ቀጣዩን መስመር ከማንበብሽ በፊት ፊሽካውን ከአንገትሽ አውልቂ።

ቀልድ ነበር። ሕጉ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀልድ ነበር።

ስትስቂ እየታየኝ ነው የጻፍኩት። ስለ መርፌው ስትጽፊልኝ ደግሞ በቀልድ የምትመልሽልኝ መሰለኝ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ ቀጠልኩበት፤ ማን ቀድሞ እንደሚስቅ ልይ ብዬ። የመጋቢቱን ደብዳቤሽንም ለሰዎቼ ለማንበብ ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። «የምቆጥረው የለኝም» ላይ ስደርስ እትዬሽ መርፌዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ አምናህ ነበር እኮ!» አለችኝ። ከሣጥን ላይ መውረድ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ፊሽካው የዱሮ አለቃዬ ነበር፤ ጥረዛ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ኮማንደሩ» እንለው ነበር። ሕጎቹም የእሱ ናቸው፤ እኔ ትንሽ ቅመም ነው የጨመርኩባቸው። ዘጠኝ ዓመት ተነፋብን። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ የእሱ ቤት አንድም ስህተት እንደማይሠራ እየማለ ወጣ። በማግስቱ ትልቁን መደርደሪያ ከግድግዳው ስናርቅ ከኋላው የተበላሸ የመጽሐፍ ልባስ ተናደብን። ሁለት መቶ ያህል ይሆናል! ጠማማ፣ የተቀደደ፣ ርዕሱ ተገልብጦ የተለጠፈ። እያንዳንዳችን በየተራ ሸሽገነው ነበር። አርባ አንዱ የእኔ ነበር፤ አጣጣፌን ዓይቼ ለየሁት። ፊሽካውን ያስቀመጥኩት ለመሳቂያ ነው። ሳቁን ሳላሽግ ፊሽካውን ብቻ ላክሁልሽ።

አሁን ምን ማድረግ እንዳለብሽ ልምከርሽ ብል ብዕሬም አያምነኝም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ግን ንገሪያቸው። ደብዳቤዎቼን አንብቢላቸው፤ ሩቅ ባለ አንድ ሽማግሌ ይሳቁበት።

ድስቱን እርሺው።

ያሳፈረሽ አጎትሽ

ልጄ፣ እኔ እትዬሽ ነኝ፤ ወረቀቱን ነጥቄው ነው። ይህ ሰው በዕድሜው ሰው ላይ ፊሽካ ነፍቶ አያውቅም፣ ምላሱ ይበቃዋል። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። እጅጌ ስትገጥሚ በነበረበት ጊዜ በየቀኑ የሚያበሳጭሽ ነገር ምን ነበር? ከእሱ ጀምሪ።


ሚያዝያ 1 ቀን

ጋሼ! እትዬ!

ሰላምታዬን ከመጨረሻው ላይ ፈልጉት፤ መጀመሪያ ይህን ስሙኝ።

ደብዳቤው የደረሰኝ መስመሩ ሊለይለት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት ነው። ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ በእርስዎ ተናደድኩ፤ ከዚያ በራሴ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሕግ ቀደድኩና ሦስቱንም ደብዳቤዎችዎን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። የኮማንደሩን መደርደሪያ ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ።

ዶክተሯ «ቆይ፣ ሰላም ስንልሽ አፍጥጠሽ የምትቆሚው እየቆጠርሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ እኮ ጆሮሽን ያመመሽ መስሎኝ ጠብታ ልገዛልሽ ነበር!»

ጋሼ፣ ሳቁ! መስታወቱ ውስጥ ያለው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ቀና አለ። አንዷ ሳቋ አላቆም ብሏት ጋዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ፤ የቱ እንደቀደመ አላስታውስም።

ከዚያ የእትዬን ጥያቄ አነሳሁ። «እኔን እጅጌ ስገጥም የሚያንገበግበኝ ጥንዱን ፍለጋ መነሳቱ ነበር፤ እናንተንስ?» አልኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቆራጩ ከወንበሩ ተነሳ። ቁርጥራጭ የምንጥልበትን ትልቅ ጆንያ ጎትቶ መሐል ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ከሥሩ ሃያ ሦስት የተበላሹ ጋዋኖች ወጡ። «ከፊሽካው በኋላ ነው» አለ። ማን ማን እንዳበላሸው አልጠየቅሁም። አራቱ እጅጌያቸው ተገልብጦ ተገጥሟል፤ እነሱ እኔ ላግዝ ብዬ ተቀምጬ የገጠምኳቸው ናቸው።

ያኔ የቆራጩ አፍ ተከፈተ። የእኛ ጋዋን ሲቆረጥ አካሉ አንድ ቅርጫት፣ እጅጌው ሌላ ቅርጫት፣ ኮሌታው ሌላ ቅርጫት ይገባል፤ የቀድሞው አለቃ ያዘዙት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው መኪናውን እያቆመ ልኩን ፍለጋ ይነሳል። «በቀን ሰማንያ ጊዜ ትነሳላችሁ» አለ ቆራጩ። «ሁለት ዓመት ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሰኞ ጀመርን። ወንበሮቹን መልሰን ፊት ለፊት አዞርን። ቆራጩ የእያንዳንዱን ጋዋን ክፍል አንድ ላይ በጨርቅ ቅዳጅ እያሰረ ያስተላልፍ ጀመር፤ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ጠፋ። አዲስ ነገር ስለሆነ ሰኞ ሃምሳ ሁለት ብቻ ወጣ፣ ማክሰኞ ስድሳ። ረቡዕ ስድሳ ስምንት! ሐሙስ ሰባ አንድ! ዓርብ ሰባ አራት! ለቅዳሜ ሰባ አምስት ቀረን፤ ያን ያህል ደግሞ በአንድ ቀን አውጥተን አናውቅም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የዶክተሯ መኪና ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ወጥቶ «መካኒክ ጥሩ» ማለት ሲጀምር ዶክተሯ እጇን አነሳች። «ዝም በሉ፣ ላዳምጣት።» እሱም ጭምር ዝም አለ! ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። «ቀበቶዋ ላልቷል» ብላ በራሷ ጥፍርና በእኔ ጉልበት በስድስት ደቂቃ አስነሳችው።

ከዚያ ወዲያ ማንም ቀና አላለም። አንዷ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። «ሰባ ሁለት! ሰባ ሦስት!» ከጎናችን ያለው መስመር ሥራውን አቁሞ እኛን ያያል። ሰባ አምስተኛው ጋዋን ከዶክተሯ እጅ ሲወጣ ቆራጩ አጠገቤ መጥቶ ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ፊሽካውን አቀብይኝ» አለኝ።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ጋሼ፣ እንዲያ ሲነፋ ኮማንደርዎ ራሱ አልሰማም! ፋብሪካው በሙሉ አጨበጨበ። እስክንዘጋ ሁለት ጨመርን፤ አራት መቶ ሁለት። መስመሩ አልተበተነም። ዶክተሯ ማመልከቻዋን ራሷ ወስዳ ቀደደችው። ምሳ ከእነሱ ጋር እየበላሁ ነው።

አሁን ሰላምታው ይኸው፤ እንደምን አላችሁ? እኔ በጣም፣ በጣም ደህና ነኝ።

የእህትዎ ልጅ

ጋሼ፣ ደመወዝ ተቀብያለሁና ድስቱን ልግዛ?


ሚያዝያ 12 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ጠይቃ ለምትሰማዋ አለቃ

ደስታሽ እንዳይጎድል፣ ዘጠኙም ከነጆሯቸው ደህና ይሁኑልሽ።

ደብዳቤሽን ሣጥን ላይ ወጥቼ አነበብኩ። ዓርብ ላይ ስደርስ ሽማግሌው ጠራዥ «ቀጥል እንጂ ጋሼ፣ በትንሽ በትንሹ ምን ታጎርሰናለህ!» ብሎ ጮኸብኝ። ፊሽካው ሲነፋ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ማን ማንን እንዳቀፈ አልታወቀም፤ እኔ የእንጨቱን የመጽሐፍ መጭመቂያ አቅፌ ነው ራሴን ያገኘሁት።

ሲበርድልን ይኸው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና «ጋሼ፣ እኛንስ ማን ጠየቀን?» አለ።

«እናንተን? እዚህ ቤት? ሰው ሁሉ ሲስቅ በሚውልበት ቤት?» አልኩት። «እኔ ኮማንደር አይደለሁማ! እኔ የሳቅ አለቃ ነኝ!» ማንም አልሳቀም። እትዬሽ ከስፌቷ ቀና ሳትል አንድ ቃል ተናገረች።

«ሙጫው።»

«ሙጫው ምን ሆነ?»

ለካ ነገሩ በስድስቱም አፍ ላይ ነበር። ሙጫው ሞቆ የሚደርሰው የመጀመሪያውን ታሪክ ገና ስጀምር ነው አሉኝ። እንዳይቃጠል ከእሳት ይወርዳል። እኔ ሁለተኛውን እስክጨርስ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ እንደገና ይጣዳል። በየቀኑ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ጋዙ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ብሎህ እያወራህ እንዴት እናቋርጥህ?» አለ ሽማግሌው።

«የዓሣ አጥማጁን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰማችሁት?»

«አንድ መቶ አሥራ ሁለት» አለች እትዬሽ። እሷም እንደ ቆራጭሽ ስትቆጥር ኖራለች። እኔ በኮማንደሩ መደርደሪያ ስስቅ የራሴ ቤት ስህተት ድስት ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ጥፋቴ አንቺን በቀልዴ ማሳሳቴ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሙጫው ይቀድማል፤ ታሪኩ ለዕረፍት ሰዓት ነው። በዚያው እጅ፣ በዚያው መጭመቂያ፣ በቀን አርባ ደብተር እንጠርዝ የነበርነው ትናንት ሃምሳ ሁለት ጠረዝን! ትናንት ማታ እንደ ሕፃን እየተፍነከነክሁ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በዕረፍት ሰዓት የሚሳቀው ሳቅ ከጠዋቱ ይለያል። ይህኛው የእውነት ነው መሰለኝ።

ስለዚህ ድስቱን አትግዢ። ልመናዬ ተቀይሯል። ለነገሩ የእኔም አይደለም፤ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ያወጡት ነው። ፊሽካውን መልሺልን። ሙጫው ሞቆ እኔ ካላቆምኩ የሚነፋብኝ ሰው በየቀኑ ተራ ወጥቶለታል። ሰኞ የእትዬሽ ነው። ፊሽካው እስኪመጣ በድስት ክዳን እየተለማመደች ነው፤ ክንዷ ደግሞ ጠንክሯል።

ዶክተሯንና ቆራጩን ሳሚልኝ። ለቆራጩ ደግሞ አንድ ታሪክ ንገሪልኝ፣ እሱ ገና አልሰማውም። አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ

ክዳኑ ተመታ። ልሂድ።

አጎትሽ